ውሃው ደፍርሶ ነበር

ክቡራትና ክቡራን፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ታላቅ ዜና ላብሥር፦ የመጸዳጃ ቤታችን በር ዛሬ ጠዋት መቀርቀሪያ ተገጥሞለታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሬ ደግፌው ኖሬ፣ በምሰናበትበት ቀን! እንኳን ደስ አላችሁ።

ይህን ግብዣ ያሰናዳችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ አስኪያጃችንም በሰዓቱ ተገኝተዋል። ለካ ለዚህ ጡረታ መውጣት ነበረብኝ!

የልጅ ልጄ "አባባ፣ ሥራህ ምንድን ነው?" ትለኛለች።

"ዝገት ላይ አሸዋ መትፋት።"

"ከዚያስ?"

"የተፋነውን ለቅመን፣ አጣርተን፣ እንደገና መትፋት።"

"ኤጭ! አባባ ደግሞ!" አለችኝ።

ለቢሮ ሰዎች ላስረዳ። የዛገ የነዳጅ ታንከር ላይ በማሽን አሸዋ ረጭተን ዝገቱን ስናራግፍ፣ ታንከሩን በሸራ የምንጋርደው አቧራው ሰፈር እንዳይገባ ነው። አልገባም፤ ሰፈሩ ተርፏል። ሸራው ውስጥ ስላለው ሰው የጠየቀ ግን አለ?

ተለቅሞ የሚመለሰውን አሸዋ "ተመላሽ" እንለዋለን። ማሽኑ ሳንባ የሚበላውን ዱቄት በማጣሪያ ያስቀርና ደህናውን ይመልሳል። በየጠዋቱ አንድ እፍኝ ተመላሽ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ ጨምረን እንንጠዋለን። ውሃው ከደፈረሰ ማጣሪያው ተቀዷል፤ ሥራ ይቆማል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ደፈረሰ። ለፎርማኑ አሳየሁት።

"ጋሼ፣ ትንሽ አቆየው፤ ይጠልላል" አለኝ።

አቆየሁት፤ ጠለለ! ቆይቶ የማይጠልል ውሃ የት አለ? መዝገቡ ላይ "ንጹህ" ብዬ ፈረምኩ። ሁለት ዓመት እንዲሁ እያጠለልኩ ፈረምኩ። ያ ፎርማን ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። እርስዎ፣ አቀርቅረው ሰዓትዎን አይዩ፤ ልጨርስ ነው።

ሸራው ውስጥ ይገባ የነበረው ባልደረባዬ ነው። "ቀጭኑ" የምንለው፣ በር ሙሉ የሚያህል ሰው። ኋላ እውነትም ቀጠነ። ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ተቀምጦ ይተኛ ጀመር። ልጠይቀው ሄጄ "ወንድሜ፣ ስፈርም ውሃው ደፍርሶ ነበር" አልኩት።

"ተወው ባክህ፣ እኔም አይቼው ነበር" ብሎ ሳቀ። በወሩ ቀበርነው።

ዛሬ ጠዋት ብልቃጡን ናጥኩት። ደፈረሰ። መዝገቡ ላይም "ደፍርሷል" ብዬ ጻፍኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዴ! ማሽኑ ቆሟል፤ አንቺ በእኔ ቦታ የተተካሽው፣ ነገ "አስነሺው" ይሉሻል። መዝገቡን የምትረከቢው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። እንደናጥሽው ወዲያው እዪው። "ትንሽ አቆዪው" የሚልሽ ሰው ራሱ ሸራው ውስጥ ይግባ።

በሉ፣ ሳንባችሁን ይጠብቅላችሁ። ለልጅ ልጆቻችሁ ፊኛ የምትነፉበት ትንፋሽ ይትረፋችሁ። ለሥራ አስኪያጃችንም ረጅም ዕድሜ፣ አንድ ቀን ሸራው ውስጥ ገብተው እስኪያዩት ድረስ።

ከመቀመጤ በፊት፦ አንዱን ነገር ፈጥሬ ነው ያወራሁት። ቀጭኑ "አይቼው ነበር" አላለኝም። ከየት ያምጣው? እኔ መች ነገርኩትና! ብርቱካን ልጬ አጎረስኩት፤ ስለ ዝናቡ አወራሁና ወጣሁ።