ከጮሌ የመጣው እንግዳ

አሰላ ውስጥ ጎረቤቴ የሆነችው ብዙነሽ ባሏ ከሞተም በኋላ ማታ ማታ በቴሌግራም ድምጿን እየቀዳች ትልክለት ነበር። "እሱን ካላወራሁት እንቅልፍ አይወስደኝም" ትላለች። የሙት ዓመቱ ዕለት፣ ብርዱ የጭላሎ ተራራን ራሱን ጋቢ ባስለበሰበት ቀን፣ ማንም የማያውቀው ጎልማሳ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ውሻዋን በስሟ ሲጠራት ያቺ አገር የነከሰች ጉድ ጭራዋን ቆላችለት! ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ወሬ የሚያጋንኑት ጋሽ ለማ እርስዎ ነዎት አይደል?" አለኝ። ፀጉሬ ባርኔጣዬን ይዞት ተነሳ።

"አንተ ደግሞ የማን ነህ?" አልኩት።

"ከጮሌ ከተማ ነኝ። አዲስ ሲም ካርድ ሳወጣ የሟቹ ቁጥር ደረሰኝ።"

ብዙነሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች። "የላክሁትን ሁሉ ሰማኸው?"

"ሁሉንም፣ እትዬ። ብነግርዎት መላክ ይተዋሉ ብዬ ፈራሁ። አሁን እኔም ሳልሰማዎት እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ትክ ብላ አየችውና የባሏን ወንበር አሳየችው። ልክ ሟቹ ያደርግ እንደነበረው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ።

ጨምሬ እንደማወራ ታውቃላችሁ። ይህችን ግን ቀንሼ ነው የነገርኳችሁ።