የታዛቢ እከክና የእንግዶ ውሃ

ሰው ሊጥለው የሚወስደውን ውሻ ለምን በገዛ ጋቢው ይጠቀልለዋል? ሰብለ ወንጌል በብቸና መናኸሪያ ቆማ ራሷን ይህን ጠየቀች።

ሰብለ ወንጌል የሞጣ ልጅ ናት። የእንስሳት ሕክምና ሀንጋሪ ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም፤ ሞጣ ውስጥ ባለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ትሠራለች። ሀንጋሪ ሳለች አገሯን ትጠራጠር ነበር፤ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ የምትጠራጠረው ራሷን ሆነ። የተማርኩት ለዚህ አገር ይበጃል ወይ እያለች ትብሰለሰላለች። ያን ቀን ብቸና ያለች አክስቷን ጠይቃ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና ስትጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢ የለበሰ ውሻ በገመድ ይዘው ጤፍ ከጫነ አይሱዙ አጠገብ ቆመው አየች። ሹፌሩ ምንይሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል።

«አያ ቀለሙ፣ እርስዎን ልጫን ካሉ እሺ። ያበደ ውሻ ግን አልጭንም!»

«አላበደም አልኩህ እኮ! እከክ ነው የያዘው።»

«ይባስ አለ! ጤፉ ሞጣ ሲደርስ ራሱን እያከከ ይውረድልዎ?»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። አያ ቀለሙ አልሳቁም። ሰብለ ጠጋ ብላ እጅ ነሣች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አያ ቀለሙ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«ከሞጣ ወዲያ፣ ልጄ። ተመልሶ መንገዱን እንዳያገኘው አርቄ ልተወው ነው። መግደሉንስ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ባይገድሉትም ብርድና ጅብ ይገድሉት የለም?»

«ያ የእግዜር ፈንታ ነው።» ይህን ያሉት መሬት መሬት እያዩ ነው። «ታዛቢ ነው ስሙ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ደጄን የጠበቀ እሱ ነው። ግን ልጄ የኔሰው አዲስ አበባ ነው፤ የበኩር ልጁን፣ እኔ ዓይኑን ያላየሁትን፣ ለፋሲካ ላምጣልህ አለኝ። ‹ያ እከካም ውሻ ካለ ግን ልጄን እዚያ ግቢ አላስገባም› አለ። ከውሻና ከልጅ ልጅ ምረጪ ብትባዪ አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር?»

 በእርግጥም በእንስሳት ላይ የምንፈጽመው ጭካኔ ሁሉ ከጥላቻ የመጣ አይደለም፤ ብዙው በሽታውን ካለማወቅና ከፍርሃት የሚመጣ ነው። ፍርሃትን ደግሞ በቁጣ ማስለቀቅ አይቻልም። ስለዚህ ሰብለ ተንበርክካ ጋቢውን ገለጥ አደረገችው። የውሻው ጎን ተመልጧል፤ ጅራቱ እንደ አይጥ ጅራት ራቁቱን ቀርቷል፤ ጥቁር ቅባት የተለቀለቀው ቆዳው ቆስሏል።

«ምን ቀቡት?»

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነዋ! አባቴም ከብቱን በዚሁ ነበር የሚያክመው።»

«ተሻለው?»

«የት ተሻለው! ይልሰዋል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል።»

«አያ ቀለሙ፣ ይህ መርዝ ነው። ቁስሉን ያቃጥለዋል፤ ሲልሰው ደግሞ ሆድ ዕቃውን ይጎዳዋል።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «አባቴ መርዝ ሲቀባ ኖረ ነው የምትዪኝ?»

«አባትዎ በጊዜያቸው ያገኙትን ተጠቀሙ፤ አይወቀሱም። ዛሬ ሌላ ስላለ ነው እንዲህ የምልዎ። ለመሆኑ ጋቢውን ለምን አለበሱት?»

አያ ቀለሙ እንደ ሞኝ አዩዋት። «ይበርደዋላ! ልተወው ወጣሁ እንጂ ላስበርደው ወጣሁ እንዴ? ከመስከረም ወዲህ ሰው ሁሉ ጥላ ሲሻ እሱ ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፤ ያኔም ይንቀጠቀጣል።»

ሰብለ ቀና አለች። «ምግብስ ይበላል?»

«ከድሮው ያነሰ ይበላል፤ ግን ይወፍራል። ሌባ ቢገባ እንኳ አይጮኽም፣ ይተኛል። ጎረቤቴ ማናለሽ ‹ታዛቢ ጡረታ ወጣ› ትለዋለች።»

«እከክ ብቻውን እንዲህ አያስበርድም። አንገት ውስጥ ያለች አንዲት ዕጢ የደከመችበት ይመስለኛል። ሰው ላይ እንቅርት የሚያወጣው የእሷ መታወክ ነው።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ሰምቻለሁ፤ በውሻ ላይ እንቅርት ግን ዛሬ ሰማሁ! እብጠቱ ታዲያ የት አለ?»

«ሁልጊዜ አታብጥም። ስትደክም ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ ቆዳ ይደርቃል። በዚህ ላይ የቁንጫ አለርጂ ያለበት ይመስላል። ሌላው ውሻ የሚችለው ንክሻ እሱን ሌት ተቀን ያሳክከዋል፤ ሲያክክ ይቆስላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አዎ ማለት ይቀላት ነበር። ሹፌሩም፣ ዙሪያዋን የቆመውም ሰው አፏን ይጠብቃል።

«አይደለሁም» አለች። «ደሙ ሳይመረመር እርግጠኛ ልሆን አልችልም። ወደ ሰው የሚጋባ እከክም ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ለልጅ ልጅዎ መፍራትዎ ልክ ነው። ክሊኒክ ወስጄ ቆዳውን ፍቄ በማይክሮስኮፕ ልየው።»

አሁን ሁሉም ይስቁብኛል ብላ ጠበቀች። አያ ቀለሙ ግን እንዲህ አሉ፦

«አንድ አዋቂ ነኝ ባይ የቅዱሳንን ስም ጠርቶ ‹ነገ ይነሣል› ብሎ ምሎልኝ ነበር። አንቺ ባሕር ተሻግረሽ ተምረሽ ‹አላውቅም› ትያለሽ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይላሉ አባቶች። የምትጠረጥር ሐኪም ትሻለኛለች።»

ምንይሉ የጋቢናውን በር ከፈተ። «በሉ ይውጣ። ግን ከጤፉ ጋር አይደለም፤ ከሐኪሟ እግር ሥር!»

ሞጣ ላይ የተፋቀው ቆዳ ሲታይ የሚጋባው የእከክ ተባይ አልተገኘበትም። ደሙ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ውጤቱ ሲመጣም የዕጢዋን ድካም አረጋገጠ። እስከዚያው ድረስ ሰብለ ዘይቱን በለስላሳ ሳሙና አጥባ አስለቀቀች፤ ለቁስሉም ለቁንጫውም መድኃኒት ሰጠች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ወጋችው።

«ቤትዎ እንግዶ አለ?» አለቻቸው።

«ከሮብ ገበያ የመጣ አለ። ለቂጣ ነው።»

«አልሞ የተፈጨውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው ቆዳውን ያርሱት፤ ጥቂት ቆይተው ያለቅልቁትና ያድርቁት። ሌላው አገር አጃ ብሎ ለሚያሳክክ ቆዳ የሚጠቀምበት ይኸው ነው።»

«እህል ለውሻ ገላ? ማናለሽ ከሰማች እኮ ዕድር ፊት ታቆመኛለች!»

«ከአንድ ቂጣ አይበልጥም። ደግሞም ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያድንም። ዕጢዋ የምትሠራውን የሚሠራለት ይህ የምሰጥዎ ኪኒን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ይወስደዋል። ሰውም ይህንኑ ዓይነት ይወስዳል፤ መጠኑ ግን ለየቅል ነው። ከሰው መድኃኒት ቆርሰው እንዳይሰጡት! የሚተኛበትን ገለባ ያቃጥሉት፤ በርበሬ የበዛበት ትራፊም ይቅርበት።»

አያ ቀለሙ የታዘዙትን ሳያጓድሉ ፈጸሙ። መጀመሪያ ማሳከኩ ቀነሰ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጎኑ ላይ ለስላሳ ፀጉር በቀለ። አንድ ቀን ማለዳ ማናለሽ እርሾ ልትዋስ ስትገባ ታዛቢ ተነሥቶ ጮኸባት። እሷም ሳትቆጣ «ይኸው፣ ወደ ሥራው ተመለሰ!» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ዘይት ልትቀባው የነበረውን እከካም ጥጃዋን እየነዳች ሰብለ ዘንድ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። ያከከ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ የተመለጠውም ሁሉ በሽታ አያጋባም። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ዘይቱን ትቶ ሐኪም ይፈልጋል፤ በጊዜ የታከመ እንስሳ ደጁን ይጠብቃል፣ የተከተበም እንደሆነ ልጆች አጠገቡ በሰላም ይጫወታሉ፤ ጌታውም ሲወደው የኖረውን ፍጡር መንገድ ላይ ጥሎ ከመመለስ ጸጸት ይድናል። አያ ቀለሙ ይህን በየሰንበቴው መናገር ስለለመዱ የብቸና ሰው በቀልድ «የውሻው መምህር» ይላቸው ጀመር።

ፋሲካ ሲቃረብ ለየኔሰው ደጋግመው ደወሉ፤ አላነሣም። ስለዚህ ሞጣ ድረስ መጥተው ሰብለን በስልኳ እንድትጽፍላቸው ለመኗት። የታዛቢን ፎቶ አስቀድማ ላከች፤ ቀጥላም እንደ ቃላቸው ጻፈች፦

«ልጄ የኔሰው፣ እንደምን አለህ? ታዛቢን አልጣልኩትም። ትእዛዝህን ንቄ አይደለም፤ በሽታው የማይጋባ መሆኑን ሐኪሟ በመሣሪያ አይታ ነግራኛለች። ፀጉሩን ፎቶው ላይ እየው። ከፈራህም ልጁ እስኪሄድ ማናለሽ ግቢ አስረዋለሁ። ብቻ ልጅህን አምጣልኝ። ስሙን እንኳ አልነገርከኝም፤ በምን ብዬ ልጥራው?»

መልእክቱ ደረሰ፤ መነበቡንም ስልኩ አሳየ። ፋሲካ አለፈ፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ከየኔሰው መልስ አልመጣም።