የ«ውጡልኝ» ሰባተኛው ጥቅል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሲኒማ ቤታችን ሠራተኞች፣

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ለግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ጡረተኛ ሰዓት አይቶ የት እንደሚሄድ ባላውቅም እሰቅለዋለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የፊልም ማጫወቻ ማሽን ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ በአንዲት ትንሽ መስኮት የተመልካቹን ማጅራት ሳይ ኖሬአለሁ። ቅድም በር ላይ ትኬት ቆራጫችን «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ብላኛለች። አልፈርድባትም፤ እዚህ ከገባች ገና ሁለት ዓመቷ ነው!

ዛሬ የምናገረው ስለ «ውጡልኝ» ነው። አታጉረምርሙ እንጂ! በየዓመቱ አዳራሹን የሚሞላልን ይኸው ፊልም አይደል?

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። አንድ ኩሩ ሰውዬ ሚስቱን፣ እናቱንና ጓደኛውን ተራ በተራ ከቤቱ ያባርራል። በመጨረሻም «ውጡልኝ! ማንም አያስፈልገኝም!» ብሎ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ተመልካቹ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል፤ መብራት ይበራል።

ተቺዎች ያላሉት ምን አለ? «ትዳር አፍራሽ» አሉት፣ «የትዕቢት ትምህርት ቤት» አሉት። አንዱማ ይቃጠል ብሎ ጽፏል። ወዳጆቹስ? የሰውዬውን ግራጫ ካፖርት አሰፍተው ይመጣሉ፤ ያችን ንግግር ከእሱ እኩል ይጮኻሉ። አንዱ ደረጃው ላይ አስቁሞኝ «ጋሼ፣ ይህ ፊልም እኮ ነው ሰው ያደረገኝ! አለቃዬን፣ እጮኛዬን፣ ሁሉንም ተገላገልኳቸው» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ ልበለው?

ተቺውም ወዳጁም ተሳስተዋል። ጥፋተኛው ግን እኔ ነኝ።

የፊልሙ ብቸኛ ቅጂ የመጣልን ትርኢቱ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነበር። አስቀድሜ ማየት ሲገባኝ አላየሁትም። ስድስት የፊልም ጥቅል ተራ በተራ አጫወትኩ። በሩ ሲዘጋ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም አለቀ ብዬ መብራት አበራሁ። «ተፈጸመ» የሚለው ጽሑፍ አለመምጣቱን እንኳ ልብ አላልኩም። ሳምንት ሙሉ እንደዚያው አሳየሁ። በሳምንቱ ፊልሙ የመጣበትን ሳጥን ሳጸዳ፣ ከማሸጊያው ወረቀት ስር ሰባተኛው ጥቅል ተቀምጧል። ስምንት ደቂቃ የሚሆን።

ሮጬ ለያኔው ሥራ አስኪያጅ ነገርኩት።

«ሰው ወዶታል?» አለኝ።

«በጣም ወዶታል።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ተወው።»

ተውኩት። ብናገር መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነበርኩና ፈራሁ። ጋዜጦቹም ፊልሙ በበሩ መዘጋት እንደሚያልቅ ጽፈው ጨርሰዋል።

በዚያ ጥቅል ላይ ምን አለ? ሰውዬው ለአራት ሰው ሳህን ይደረድራል። ይቀመጣል። ይነሳና በሩን ይከፍተዋል። ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቃል። አንድ ቃል አይናገርም፣ ማንም አይመጣም። ይኸው ነው። ይህን ያየ ሰው ያጨበጭባል? ወይስ ይቃጠል ይላል?

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገራችሁ። በዚያችው የመጀመሪያ ሳምንት አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ራዲዮኔን ሰበረብኝ። እኔም «ውጣልኝ! ማንም አያስፈልገኝም!» አልኩት። በሰውዬው ንግግር፣ በሰውዬው ድምፅ። ላፍር ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ አዳራሹ ሙሉ የሚያጨበጭብልኝ መሰለኝ። ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሰባተኛውን ጥቅል ያየሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ወዲያው ፍለጋ ወጣሁ። አድራሻውን የሚያውቅ አጣሁ፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁትም።

ካፖርቱን አላሰፋሁም እንጂ የፊልሙ የመጀመሪያው ጅል ወዳጅ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ጠዋት፣ አዳራሹ ዝግ ሲሆን፣ ያንን ጥቅል ለራሴ አጫውታለሁ። አንድ ሰኞ የጽዳቷ እህታችን መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ አየችና «ምነው፣ ለዚህ ሰውዬ የሚመጣለት የለውም?» አለችኝ።

«እንጃ፣ ስንት ዓመት አየሁት፤ እስካሁን የመጣ የለም» አልኳት።

ከዚያ ሁሉ የጋዜጣ ትችት የእሷ ጥያቄ ይበልጥብኛል። እውነቴን ነው፣ ፊልሙ የገባው ሰው ማን ነው ብትሉኝ እሷን ነው የምጠራው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከነገ ጀምሮ ሙሉውን አሳዩት። ጭብጨባው ይቀንስ ይሆናል፤ ይቀንስ። ዛሬ ደግሞ ተተኪዬ ሰባተኛውን ጥቅል ማሽኑ ላይ አዘጋጅቶታል። ስምንት ደቂቃ ብቻ ተቀመጡልኝ።

ሥራችሁ ይቃና። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ጤና ከቤታችሁ አይራቅ፣ ደጃችሁም ሰው አይጣ። የተቀያየማችሁት ካለ፣ አድራሻው ሳይጠፋባችሁ ያስታርቃችሁ።

በሉ መብራቱን አጥፉልኝ። እኔም ከእናንተ መሀል ልቀመጥ፤ ይህን ፊልም ከሰው ጎን ተቀምጬ አይቼው አላውቅም።