የጋቢው ሁለት ኪሎ

አያ ጎሹ፣ ወዲህ ቀረብ ይበሉ፣ ይኼ ወንበር ባዶ ነው። ሻዩ ስኳሩ በዛ እንጂ ሸጋ ነው፤ ቦምቦሊኖውም ትኩስ ነው። መንገዱ እንዴት አደረገዎ? ከአይከል ወዲህ ጭቃው ደረቀ አሉኝ። ማኪናዋስ ደህና ናት? … እሰይ። እኛማ ይኸው፣ ከጧት ጀምረን እዚህ አራዳ አዳራሽ ተቀምጠን ስንማር አረፈድን። ምን ተማራችሁ አይሉኝም? ሰው መመዘን። አሥራ አንድ ዓመት ሚዛን ተሸክሜ ቀበሌ ለቀበሌ ከዞርሁ በኋላ፣ እኔ እስከዳር፣ ዛሬ ሰው መመዘን ተማርሁ።

ይሣቁ እንጂ፣ ቁም ነገር እኮ ነው። በአይከል በኩል ሦስት ጥናት አይደል የሚመላለሰው? የደም ግፊቱ፣ የስኳሩና የኛ የአመጋገቡ። ሦስቱም ያንኑ ሰው ይመዝናሉ፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ። ዶክተር ኤሌኒ አሁን የሦስቱን ቁጥር አንድ ላይ ልታየው ነው፤ ለዚያ ደግሞ መለኪያው አንድ ይሁን አለች። መመሪያው ይኸውልዎ፣ ገጽ ዘጠኝ። ጫማ ይውለቅ፣ ጋቢ ይውለቅ፣ ኪስ ይፈተሽ፣ ጸጥ ተብሎ ይቆም፣ ከዚያ ይመዘን። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግን እኛ ዘንድ መለኪያ አንድ ማድረግ አዲስ ነገር ነው እንዴ? አምና አንድ ብልህ ሰው አድርጎት የለም? ስሙ ምን ያደርጋል… የሸጋ ሰው ስም በሻይ ሰዓት አይነሣም። ደግሞ ቅርብ ቦታ ይሆንና ሻዩ ትን ይለዋል።

ጥር ነበር፣ ብርዱን ያስታውሱታል። በዚያ ማለዳ፣ በሰው ፊት፣ ጋቢዎን ያውልቁ ቢሉት የሚያወልቅ ሽማግሌ የት ይገኛል? ያ ሰው አዘነላቸው። ርኅሩኅ እኮ ነው። ምን አስወለቃችሁ፣ ከነልብሳቸው መዝኑና ሁለት ሁለት ኪሎ ቀንሱ አለን። አለቃ ካለ አለ ነው፣ ቀነስን። እኔም ቀንሻለሁ አያ ጎሹ፣ አልክድም። ጋቢ ለለበሰ ሁለት ኪሎ፣ ኩታ ለለበሰ ሁለት ኪሎ፣ ነጠላ ጣል ላደረገች ሁለት ኪሎ። አያ አስናቀው ከነደበሎው ከነዱላው ሚዛኑ ላይ ወጣ… ሁለት ኪሎ። ከዚህ በላይ እኩልነት ከወዴት ይመጣል? እንዲህ ሰው የማያበላልጥ ዳኛ እንኳ አላየሁም።

ፍጥነቱስ? በቀን አርባ ሰው። ሪፖርቱ ሲያምር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የሱ ችኮላ ግን ከዚያ ይሻላል፣ እሱ ያፈሳል፣ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ያስቸገረችው ሸዋገነት ብቻ ናት። ያውቋታል፣ ሁልጊዜ ማኪናዋ ዘንድ ከሁሉ ኋላ የምትደርሰዋ፣ አንቱን ጥሩምባ የምታስነፋዋ። የገዛ ነጠላዋን በሁለት ዱላ ወጥራ፣ ሰዉን አንድ ባንድ ከጀርባው እያስገባች፣ “እማማ፣ ግድ የለም፣ ማንም አያይዎትም” እያለች ስታስወልቅ ትውል ነበር። በቀን አሥራ ሁለት ሰው። እንዲህም ቀርፋፋ አለ? ያ ደግ ሰው ስንት ጊዜ መከራት። እንደ ሰው ሁኚ አላት… ምን ያድርግ፣ እንደ እሱ ያለ ሰው መሆን አቃታት።

የአበቡንስ ነገር ሰምተዋል? የአለነ ሚስት፣ ያ ጎተራው ሞልቶ የሚፈሰው። ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፣ ሁለት ኪሎዋ ተነሣላት፣ “በምግብ እጥረት ተጎድታለች” ተብሎ ወረቀት ተጻፈላት፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እየሰማ። በዚያው ሳምንት የግፊቶቹ መዝነዋት አርባ ሰባት ኪሎ፣ የስኳሮቹ መዝነዋት አርባ ሰባት። እኛ ዘንድ አርባ አምስት። አለነ እንግዲህ ምን ይሁን? ሚስቱን የሚያስርብ ተብሎ ማኅበር መሄድ አፈረ። ሁለት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ዶሮ አረደላት አሉ። አበቡ እንኳ ያ ሰው በተነሣ ቁጥር እድሜውን ያርዝመው ነው የምትል። አዩ፣ ደግ ሰው ሳያውቀውም ደግ ይሠራል።

ዛሬ ጧት ዶክተሯ የቡድናችንን ቁጥር ግድግዳው ላይ አበራችው። አብዛኛው ልብስ ሁለት ኪሎ አይሞላምና፣ የሁላችን እኩል ዝቅ ብሎ ተሰልፏል፣ የሸዋገነት ብቻ ከፍ ብሏል። “ይህቺ ምነው ተለየች?” አለች። መልሱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ምን ቢል ጥሩ ነው? “ጎበዝ ልጅ ናት፣ ትንሽ ጥንቃቄ ይጎድላታል።” ጎበዝ ማለቱን አዩልኝ? ሰው ሲያሰናብት እንኳ አመስግኖ ነው። ስለ ሁለቷ ኪሎ ግን ትንፍሽ አላለም። ትሑት ነው፣ የሠራውን ማውራት አይወድም።

ከሻይ መልስ፣ ሦስቱን ባንድ በሚያየው አዲስ ጥናት የሚቀጥሉት ሰዎች ስም ይነበባል። የሸዋገነት የለበትም አሉ። ይኸው ደጅ ቆማለች፣ ሻይም አልቀመሰች። እውነቱን ልንገርዎ፣ አንጀቴን በላችው። ጧት አፌን ይዤ መቀመጤ ደግሞ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ከሰዓት በኋላ የሦስቱ ጥናት ቁጥር ጎን ለጎን ይወጣል ተብሏል። እኔ ሂሳብ አላውቅም… ግን የሸዋገነት ከግፊቶቹም ከስኳሮቹም ጋር እቅጭ ቢገጥም፣ እኛ ብቻችንን ብንቀር፣ ዶክተሯ ያን ጊዜ ማንን ትጠይቅ ይሆን? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላል ያገራችን ሰው። ይኼ ብልህ ግን ሰፍሮ ሰፍሮ ቁናውን ደበቀ። አንድ ነገር ብቻ ረሳ፣ ቁናው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። “ሁለት ይቀነስ” ብሎ በገዛ እጁ ደብተሬ ላይ የጻፈልኝ፣ ከነፊርማው። ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል መሰለዎ፣ ልቅደደው ብል አሳሳኝ። የሚቀጥሉት ስም ከመነበቡ በፊት የጽሕፈቱ ባለቤት ተነሥቶ አንድ ቃል ቢናገር ደብተሩ ከቦርሳው አይወጣም። ካልሆነም እኔ የቀነስሁትን ይዤ እነሣለሁ… አብረን ብናፍር ምናለ፣ አብረን ቀንሰን የለ?

ውይ፣ ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? እዚያ ጠረጴዛ ያለው ሰውዬ ምነው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ? ቦምቦሊኖውንም ከግማሽ ተወው። ወደ ዶክተሯ ነው ወይስ ወደ ውጭ? … በሩ መሀል ቆመ። ይተዉት፣ ይቁም። ሰው ሲመዘን እንዲህ ጸጥ ብሎ ነው መቆም ያለበት፤ ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ።

ይልቅ እንመርቀው አያ ጎሹ፣ ሳይርቅ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ያቺ የማትቀር ቀን ስትመጣ፣ ቅዱስ ሚካኤል ሚዛኑን ሲዘረጋለት፣ እንደ ሸዋገነት ያለች ቀርፋፋ፣ ሁሉን አስወልቃ የምታይ፣ አትግጠመው። እንደ ራሱ ያለ ርኅሩኅ መዛኝ ይዘዝለት። ቀና ብሎ ሳያየው፣ ከነለበሰው አቁሞ፣ ከመልካም ሥራው ላይ ሁለት ኪሎ ብቻ ቀንሶ ይለፍ የሚለው… ሁለት ኪሎ ከሞላለት። አሜን ይበሉ እንጂ አያ ጎሹ።