ጋን ውስጥ የዘጋኋቸው አይጦች

ጋኑን ወደ ጎተራው አፍ ለማዘንበል ስታገል ጎረቤቴ የሺ ደረሰች። «አያ፣ ምን ይዘው ነው?» አለችኝ። አይጥ መሆኑን ነገርኳት። የዘር ገብሴን ቢጨርሱብኝ አምስቱን ይዤ ባዶ ጋን ውስጥ ከዘጋኋቸው ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። አይጦች ተዘግተው ሲራቡ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ የተረፈው የአይጥ ሥጋ ይለምዳል፤ ጎተራ ውስጥ ሲለቁት ሌሎቹን አይጦች ይፈጃል ሲባል ከአባቶቼ ሰምቻለሁ። እውነትም አንድ ትልቅ ብቻ ቀርቶ የጓደኛውን ጭን ይግጥ ነበር።

የሺ አጎንብሳ አየችውና ከጎተራው አንድ እፍኝ ገብስ ዘግና በተነችለት። አይጡ ሥጋውን ትቶ ገብሱ ላይ ወደቀ፤ ሲቆረጥም ቀና ብሎም አላየን። ዕድሜዬን ሙሉ አርሼ ያልገባኝን ይህች ሴት በአንድ እፍኝ እህል አሳየችኝ። ዘሬ መሃል ልለቀው የነበረው ይህንን ነው!

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ይኼ ደግሞ ምን አዋቂ ይፈልጋል አያ? እኔንና እርስዎንም ሦስት ቀን ጋን ውስጥ ቢዘጉን እኮ እበላዎታለሁ!»