አሚን የተባለለት ንግግር

ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ የውሃ ቦኖ ሲመረቅ የአለቃዬን ንግግር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጮኛዬ አዲስ አበባ ነበረች፤ አለቃዬም፣ «ሕዝቡ ካጨበጨበልኝ ዝውውርህን እፈርማለሁ፤ ካላጨበጨበ እዚሁ ትከርማለህ» ብለውኛል። እንዲያምር ብዬ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ያድርግልን» እያልኩ ዘጋሁት።

አለቃዬ «ውሃውን የማይነጥፍ ያድርግልን!» ሲሉ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን!» አሉ። «ከተማችንን የሰላም ያድርግልን!» «አሚን!» መዳፉን የዘረጋ ሰው እንዴት ያጨብጭብ? አጠገቤ ወደነበሩት ሽማግሌ ጠጋ ብዬ፣ «ሐጂ፣ ንግግር እኮ ነው፤ እባክዎ ያጨብጭቡ» አልኳቸው።

«ዝም በል ልጄ፣ በዱዓ መሐል አይጨበጨብም!»

አለቃዬ ግን ነገሩ ጣማቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ከራሳቸው መጨመር ጀመሩ። «ውሃ የሚያባክነውን ይቅጣልን!» «አሚን!» ከዚያ በጣታቸው ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ይህን የመሰለ ንግግር የጻፈልኝን ልጅ ፈጣሪ ከሐረር አይንቀልብን!» አሉ።

ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር «አሚን!» አለ። እኔም አፌ ቀድሞኝ «አሜን» አልኩ።