የካላንደሩ ቤተ ክርስቲያን

(ማካው፤ ከቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በታች ባለው ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ላይ። የአዳማው ሴራሚክ ነጋዴ ሸዋንግዛው እና ባለቤቱ አመለወርቅ ለዕቃ ግዢ ቻይና መጥተው ለአንድ ቀን ወደዚህ ተሻግረዋል፤ እሷ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፋለች።)

ሸዋንግዛው፦ ፓስፖርቴንና የገንዘብ ቦርሳዬን ስጪኝ ብያለሁ፣ አመሌ!

አመለወርቅ፦ እኔም ስንመለስ ብያለሁ።

ሸዋንግዛው፦ የገዛ ፓስፖርቴን? ገና ከአውቶቡስ ሳንወርድ ኪሴ ገብተሽ በረበርሽኝ። ሌባ እንኳ ትንሽ ያፍራል።

አመለወርቅ፦ ሌባ ቢወስድብህ ኤምባሲ ትሄዳለህ። እኔ ከወሰድኩት ግን የትም አትሄድም።

ሸዋንግዛው፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ! ከታች ከአደባባዩ ጀምሮ እየነዳሽኝ ነው። ቆም ብዬ ንጣፉን እንኳ አላየሁም።

አመለወርቅ፦ የቱን? ያንን ጥቁርና ነጭ ድንጋይ? እንደ ባሕር ሲወዛወዝብኝ ራሴን አዞረኝ እኮ። አንተን ይዤ ባልቆም ተዘርሬ ነበር።

ሸዋንግዛው፦ የፖርቹጋሎች ሥራ ነው። አንዱ ከአንዱ ከፍ ዝቅ አይልም። የመንገዱ ስም ራሱ በሰማያዊ ሴራሚክ ነው የተጻፈው፤ በቻይንኛም በፖርቹጋልኛም። እኔ ዕድሜ ልኬን ሴራሚክ ሸጬ እንዲህ ያለ አላየሁም፤ አንቺ ደግሞ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል!

አመለወርቅ፦ አንተ ድንጋይ ስታይ ነበር? ዓይንህ ያ ወርቃማ ፎቅ ላይ ተተክሎ አይደል እንዴ የዋለው!

ሸዋንግዛው፦ ያ አናናስ የመሰለው? እሱ ራሱ ነው ዓይኔ ውስጥ የሚገባው። የትም ብትቆሚ ይታያል!

አመለወርቅ፦ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ።

ሸዋንግዛው፦ አውቃለሁ፣ ቁማር ቤት ነው። ታዲያ ከውጭ አየሁት እንጂ ገባሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ ካርታ በእጄ ነክቼ አውቃለሁ?

አመለወርቅ፦ አልነካህም። ተመስገን ነው። ለሱ ብለን አይደል የመጣነው! ውጣ ደረጃውን።

ሸዋንግዛው፦ ቆይ፣ ለሱ ማለት? ለመሆኑ ያ የታቀፍሽው ምንድነው? የመጋረጃ ዘንግ ነው ብለሽ ከአዳማ ድረስ አሸክመሽኛል። ወደ ቻይና የመጋረጃ ዘንግ ይዞ የሚመጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

አመለወርቅ፦ እንዳትነካው! እጅህ በኬክ ተለውሷል።

ሸዋንግዛው፦ ያቺ የእንቁላል ኬክ ግን! ላይዋ አረር ብላ፣ ውስጧ እንደ ቅቤ። አንድ እንኳ አልቀመስሽልኝም።

አመለወርቅ፦ እሱን ሳላስገባ እህል አልቀምስም።

ሸዋንግዛው፦ ምኑን ነው የምታስገቢው? እስቲ ልየው… ኧረ በስማም! ቬልቬት፣ ወርቃማ ዘርፍ… አመሌ! ይሄ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው እኮ!

አመለወርቅ፦ ስለት ነው።

ሸዋንግዛው፦ ለማን?

አመለወርቅ፦ እዚህ ላይ ላለው ቤተ ክርስቲያን።

ሸዋንግዛው፦ አዳማ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ ማካው ድረስ?

አመለወርቅ፦ ያመጣኸው አንተ ነህ! ከሴራሚክ ፋብሪካው ካላንደር ይዘህ መጥተህ ሳሎን ሰቀልክ። ሥዕሉን አየሁት። እመቤታችን አለች፣ መላእክት አሉ፣ ከሥሯ ደግሞ ባለ ብዙ ራስ ዘንዶ ተረግጧል። የዚያን ዕለት ልቤ ነዶ ነበር። ፊቱ ቆሜ፣ «እመቤቴ፣ ይሄን ዘንዶ ከቤቴ ካወጣሽልኝ ጥላ ይዤ ያለሽበት ድረስ እመጣለሁ» አልኩ። የት እንዳለ መች ጠየቅኩ!

ሸዋንግዛው፦ ለዚህ ነዋ ካላንደሩ ዓመቱ አልቆ እንኳ አይወርድም ያልሽው! ቤታችን ደግሞ ምን ዘንዶ ነበር?

አመለወርቅ፦ ስንደርስ እነግርሃለሁ። ይልቅ ነጠላዬን ከኋላ አስተካክልልኝ። ጫማህንም አውልቅ።

ሸዋንግዛው፦ ኧረ ሕዝቡ ሁሉ ተጫምቶ ነው ያለው!

አመለወርቅ፦ ሕዝቡ ስለት የለበትም። በል በል… እሰይ! እቺውና፣ እራሷ! ዘንዶውም ያው… ሸዋ?

ሸዋንግዛው፦ አቤት።

አመለወርቅ፦ በመስኮቱ ውስጥ የሚታየኝ ሰማይ ነው?

ሸዋንግዛው፦ ሰማይ ነው።

አመለወርቅ፦ ጣሪያውስ?

ሸዋንግዛው፦ ሃ ሃ ሃ! ይቅርታ አመሌ… ሆዴን! ተቃጥሏል እኮ፤ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። የቀረው የፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው። አስጎብኚዋ አውቶቡስ ውስጥ ተናግራለች፤ አንቺ ኪሴን ስትበረብሪ አልሰማሽም።

አመለወርቅ፦ ቄስ የለም? መቅደስ የለም?

ሸዋንግዛው፦ ሻማ ሻጭ እንኳ የለም።

አመለወርቅ፦ ወይኔ ጉዴ! ለግድግዳ ነው የተሳልኩት?

ሸዋንግዛው፦ አታልቅሺ እንጂ! ሳቄን ዋጥኩት፣ ይኸው። ያ ስንመጣ ያየነው ቢጫ ቤተ ክርስቲያን አለልሽ አይደል? ጣሪያም፣ ቄስም አለው። እዚያ እንስጠው።

አመለወርቅ፦ ለዚህ የተሳልኩትን ለዚያ? የአፌን ቃል ልሽረው?

ሸዋንግዛው፦ እንግዲያው ጠዋት ያየነው የቻይኖቹ መቅደስ፤ ያ ዕጣኑ ተጠምዝዞ ከጣሪያው የሚንጠለጠለው።

አመለወርቅ፦ ሸዋ፣ ዛሬ በኔ ስለት አትቀልድ!

ሸዋንግዛው፦ እሺ፣ አልቀልድም። ግን ንገሪኝ። ዘንዶው ማነው? እኔ ነኝ?

አመለወርቅ፦ አንተማ አይደለህም። ካርታው ነው።

ሸዋንግዛው፦ ካርታው? እሱን የተውኩት እኔ ነኝ!

አመለወርቅ፦ ተስዬልህ ነዋ።

ሸዋንግዛው፦ ተስዬልህ! የመጨረሻዋ ቅዳሜ የቁማር መደቡን ጥዬ የተነሳሁት በገዛ እግሬ ነው። ሰዎቹ «አንድ ዙር ብቻ» እያሉ ኮቴን ሲጎትቱኝ! ያንን ሁሉ ታግዬ ሳበቃ ሽልማቱን ለግድግዳ ትሰጪዋለሽ? ቅር ይለኛል፤ እውነቴን ነው።

አመለወርቅ፦ በገዛ እግርህ ተነሳህ። እኔስ ያን ጊዜ የት ነበርኩ?

ሸዋንግዛው፦ አንቺማ… በሩ ላይ ነበርሽ። ያቺን የፕላስቲክ በርጩማሽን ይዘሽ።

አመለወርቅ፦ ምን ስሠራ?

ሸዋንግዛው፦ ነጭ ሽንኩርት ስትልጪ! ኧረ አታስታውሺኝ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የቁማር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ የሚገባውን ሁሉ በስሙ «እንደምን ዋሉ፣ ባለቤትዎ ተሻላቸው?» እያልሽ። እፍረቱን ማን ይችለዋል! ቁማርተኞቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ቤቱም ተዘግቶ ይኸው ዛሬ ፀጉር ቤት ሆኗል።

አመለወርቅ፦ ታዲያ እኔ ብቻዬን መቻሌ ነው? እሷ ብርታቱን ሰጥታኝ ነው እንጂ። ና፣ በጀርባው በኩል እንየው። የሚቀበለኝ አንድ ሰው አይጠፋም።

ሸዋንግዛው፦ ሰው የለም አልኩሽ። ብረት ብቻ ነው። እይው፣ ግድግዳውን ከኋላ ይዘውታል። ጎበዝ ሥራ ነው!

አመለወርቅ፦ ለምን ያዙት?

ሸዋንግዛው፦ ቤቱ የለማ! ጎኑ የለ፣ ጣሪያው የለ፣ ባዶ ፊት ብቻውን ቆሞ ነፋሱን ይችላል? እዚህ ደግሞ የባሕሩ አውሎ ነፋስ አለ። ብረቱን ብታነሺው አንድ ቀን አያድርም።

አመለወርቅ፦ ከፊት ሳየው ግን ብረት የሚባል አላየሁም።

ሸዋንግዛው፦ አይታይማ። ሰዉ ፎቶ የሚነሳው ከፊቱ ጋር ነው። ብረቱን ማን ብሎ…

አመለወርቅ፦ ምነው እኔን አፍጥጠህ ታየኛለህ?

ሸዋንግዛው፦ ምንም።

አመለወርቅ፦ ሸዋ፣ ፊትህ ልክ አይደለም። ኬኩ ነው?

ሸዋንግዛው፦ ነጭ ሽንኩርቱ ትዝ ብሎኝ ነው።

አመለወርቅ፦ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው ዛሬ? በል፣ ዝናቡም ጀመረ። ወደ መጠለያ እንሂድ።

ሸዋንግዛው፦ ጥላውን አምጪ።

አመለወርቅ፦ ለምኑ? ኧረ አትክፈተው! ሸዋ፣ ለዝናብ እኮ አይደለም!

ሸዋንግዛው፦ ለዝናብ አይደለም የከፈትኩት። ነይ፣ ሥሩ ግቢ።

አመለወርቅ፦ የታቦት ጥላ ለኔ? ኃጢአት ነው!

ሸዋንግዛው፦ ገና ቄስ አልባረከውም፤ እስካሁን የሱቅ ዕቃ ነው። ለእመቤታችን አገራችን ስንገባ ከዚህ የበለጠውን እኔው ራሴ ገዝቼ፣ ተሸክሜ አስገባለሁ። ይሄ ግን የመጣው እዚህ እንዲገባ ነው። ስለቱን ለብረቱ አስገባሁት።

አመለወርቅ፦ ለየትኛው ብረት?

ሸዋንግዛው፦ በርጩማ ይዛ ለምትዞረው።

አመለወርቅ፦ ሰው እያየን ነው… ኧረ ፎቶ እያነሱን ነው፣ ሸዋ!

ሸዋንግዛው፦ ያንሱ! ዛሬ እንኳ ብረቱን ያንሱት። ታግዬአለሁ፣ እሱን አልክድም። ግን የዚያን ቀን ከመደቡ ከተነሳሁ በኋላ ዞር ብዬ ካርታውን አይቼው ነበር። በሩ ላይ ባላይሽ ኖሮ ተመልሼ እቀመጥ ነበር፣ አመሌ። ነግሬሽ አላውቅም።

አመለወርቅ፦ ምን ዓይነቱ ነህ! ሰው ፊት ልታስለቅሰኝ… እንካ።

ሸዋንግዛው፦ ምንድነው?

አመለወርቅ፦ ፓስፖርትህ። የገንዘብ ቦርሳህም ያው። ሂድ፣ ሴራሚክህን እየው፤ አናናሱንም ብትፈልግ እየው። እኔ እዚሁ ኬክ እየበላሁ እጠብቅሃለሁ፣ አልከተልህም።

ሸዋንግዛው፦ ብቻዬን?

አመለወርቅ፦ ብቻህን። አምኜሃለሁ።

ሸዋንግዛው፦ መልሺው፣ መልሺው ወደ ቦርሳሽ! ይሄን ሁሉ ባሕር አሻግረሽኝ፣ እዚህ ስንደርስ ብረቱን ነቅለሽ ልትጥይኝ ነው?